ሳተላይቱ በ5 ሰዓት፣ እኔ በ8 ሰዓት

የግልገል አባይን ወንዝ ድፍርስነት ከሳተላይት ምስል ለማወቅ የሠራሁት የመጀመሪያው ግራፍ ነጥቦቹ እንደተበተነ ጤፍ ነበሩ። ጥፋቱን ከሳተላይቱ፣ ከመለኪያው፣ ከፎርሙላው ስፈልግ ከረምኩ። ለካ ከሰዓት አቆጣጠሬ ነበር።

ሐሳቤ ቀላል ነው። ደለል የያዘ ውሃ ቀይ ብርሃንን ከጠራ ውሃ አብልጦ ይመልሳል። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ደግሞ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሳሉ፤ ምስሉም በነፃ ነው። ወተት አባይ ድልድይ አጠገብ ወርጄ ድፍርስነቱን ለክቼ፣ ከዚያው ቀን ምስል ጋር አስተያየዋለሁ።

መለኪያዬ ታቹ ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት ረጅም ብርጭቆ መሰል ቱቦ ነው። መስቀሉ ከዓይን እስኪጠፋ ውሃ እየጨመሩ ከፍታውን ማንበብ ነው። አንድ ቀን ሁለት ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ጠፋብኝ። ከብት ሊያጠጡ የመጡ አባት አዩኝና፣ «ልጄ፣ ጠዋት ብትመጣ ጥሩ ነበር እኮ። ላይ ዘንቦ ነው ይሄ» አሉኝ።

ማታ የምስሉን መረጃ ከፈትኩ። 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይላል፤ እኔም በዚያው ሰዓት ነበር የምወርደው። ግን ያ የግሪንዊች ሰዓት ነው! በኢትዮጵያ ከረፋዱ 11 ሰዓት በፈረንጅ፣ በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ሊሆን ሲል መሆኑ ነው። ሳተላይቱ የጠዋቱን ውሃ አንስቶ ሄዷል፤ እኔ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጎርፉን እለካለሁ። (አንድ ክረምት ሙሉ!)

ሁለተኛው ስህተት የስፋት ነው። አንዷ ፒክሰል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ዳር ላይ ያለችው ግማሿ ሣር ነው። ስለዚህ የመሀሏን ብቻ እወስዳለሁ፤ ከ30 ሜትር የጠበበ ወንዝ ላይ አልደክምም። በጠባብ ጅረት ይህን መሞከር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቆጋ ላይ ወንዙን ትቼ ግድቡን የያዝኩት ለዚህ ነው። ናይትሬትና ባክቴሪያ ደግሞ ቀለም ስለሌላቸው ከላይ አይታዩም፤ ለእነሱ ላቦራቶሪ የግድ ነው።

የማይታለፈው ደመና ነው። ደለሉ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ የሚዘጋውም ያኔው።

አሁን ከ4 ሰዓት ተኩል ጀምሬ ድልድዩ ሥር እገኛለሁ። እኚያ አባት ሲያልፉ፣ «ሳተላይቷ ዛሬስ ታልፋለች?» ይሉኛል። «ታልፋለች አባባ፣ ግን አታየንም» እላቸዋለሁ፤ ቱቦዬን ግን እሞላለሁ።