ከዋሽንግተን ደሴ፦ የከፍታ ነገር

ከዋሽንግተን ደለስ እስከ ቦሌ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ያህል ይበራል። ጠዋት ተነሥቼ በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ገባሁ፤ የቀረውን የሰዓት ልዩነቱ በላው። ከቦሌ ኮምቦልቻ ደግሞ በቀጥታ ቢለካ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት የሚዞረው አስፋልት ከ370 ያልፋል፣ ቀኑንም ይጨርሳል።

ኮምቦልቻ የሚበረው ኪው 400 የሚባል ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ታችን የሚጋርድ ነገር የለም። ሊያርፍ ሲል ጎማው ከሞተሩ ሆድ ተዘርግቶ ዓይኔ ሥር ወረደ፤ ከጎማው ማዶ የማሳው ትልም ይታያል። በትልቁ አውሮፕላን ይህን አታዩም። እኔ መስኮት ጠይቁ እላለሁ።

ከዚያ ሚኒባስ። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ግን ከ1,850 ሜትር ወደ 2,500 መውጣት አለ። ሐረጎ ዳገት ላይ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ፊታችን ተደነቀረ፣ እኔም ጆሮዬ ድፍን አለ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አይተውኝ፣ «አብሽር ልጄ፣ ደሴ ስትገባ ይከፈታል» አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ድሪምላይነር የሚባለው ትልቁ አውሮፕላን ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ሲበር የውስጡ አየር ግፊት 1,830 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይያዛል። ያ እንግዲህ የኮምቦልቻ ከፍታ መሆኑ ነው። አትላንቲክን ስሻገር ኮምቦልቻ ተቀምጬ ነበር፤ ደሴ ከዚያም በላይ ናት።

አክስቴ ቤት አቦሉ ቀርቦ የመመለሻዬ ነገር ተነሣ። ትኬቱ ከ16 ሰዓት በላይ ይላል።

«ያው መንገድ አይደል እንዴ?» አለች።

ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሣት አይቻልም። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል መቶ ሜትር እንኳ አይርቅም፣ ታንኩን ጢም አድርጎ ይነሣል። በዚያ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲበር ነፋሱ ይገፋዋል፣ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ይጋፈጠዋል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርትም ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል አልኳት።

ሲኒውን ጀባ እያለችኝ፣ «ዝቅ ያለ ከሆነ የፈለጉት ኮምቦልቻ ምን አላት?» አለች።

በከፍታው እንኳ ተሳስታለች አልልም። ዙሪያውን ያለውን ተራራ ግን ነገርኳት።