የጓሮ ሙዝ በሸዋሮቢት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የመጀመሪያው ግንድ አፍርቶ ተቆርጧል። አሁን ተራው የልጁ (ከግርጌው የበቀለው ቡቃያ) ነው፤ እሱም አበባ አውጥቷል። ዘንድሮ ለመትከል ላሰባችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ከወዲሁ ግን ልንገራችሁ፤ ሙዝ መትከሉ ቀላል ነው። ሥራው መቁረጡ ላይ ነው።

ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቷን እኛ ስናማርር ሙዝ ይፈነድቃል። የሚስማማው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ14 ዲግሪ በታች ሲወርድበት እድገቱ ቀጥ ይላል። ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ «እኔስ ጓሮ የለኝም?» ትለኛለች። አላት፤ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ፍሬውን ጣርማበርን ወርዳ ከእኔ ጋ ትብላ።

ችግኙን የሰጡኝ ቀወት ውስጥ በመስኖ የሚያለሙት አጎቴ ናቸው። ዝርያው አጭሩ፣ ዱዋርፍ ካቨንዲሽ የሚባለው ነው። ለጓሮ ይሻላል፤ ነፋስ ቶሎ አይጥለውም፣ ዘለላውም እጅ ይደርስበታል። ከእናቱ ግርጌ የሚወጣው ቡቃያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ግርጌው ወፍራም፣ ቅጠሉ ቀጭንና ሹል ነው። ሌላው ገና በልጅነቱ ሰፊ ቅጠል ይዘረጋል። ዓይን የሚስበው ሁለተኛው ነው፤ የሚተከለው ግን የመጀመሪያው። ባለ ሰፊ ቅጠሉ ከእናቱ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ስለሆነ ጠንካራ ግንድ አይወጣውም። ስትወስዱ አፈር ውስጥ ያለውን አሚቾውን ላጥ አድርጋችሁ እዩት። ነቀዝ የበላው የሚመስል መተላለፊያ ካለበት ተዉት፤ የሙዝ ጢንዚዛ ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የላይኛውን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ መለስኩት። የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ ስለሆነ ውሃ ይቋጥራል፤ ሙዝ ደግሞ ውሃ ይወዳል እንጂ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም። ስለዚህ ዙሪያውን ከፍ አድርጌ ቦይ አወጣሁለት። የተከልኩት ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው።

ሥሩ ጥልቅ ስለማይሄድ ላይ ላዩ መድረቅ የለበትም። ደረቅ ቅጠልና ጭድ እየጎዘጎዝኩ፣ በበጋ የአትክልትና የጤፍ እጣቢ አጠጣዋለሁ። የበረኪና ውሃ አላስጠጋውም። ፖታሲየም በጣም ስለሚፈልግ ከፍጉ ጋር ጥቂት የምድጃ አመድ እጨምራለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሙዝ ዝም ካሉት ልጅ በልጅ ይሆናል። ሁሉም ከአንድ አፈር ስለሚበላ ዘለላው ያንሳል፣ ፍሬውም ይኮሰምናል። አጎቴ «ልጅ የበዛባት እናት ትከሳለች» ይላሉ። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ብቻ ነው የምተወው፦ እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። እናት ስትቆረጥ ልጅ ለማበብ ተቃርባለች፣ የልጅ ልጅ ቦታዋን ትይዛለች። የቀረውን ጉልበት ሳይደርስ አስወግዳለሁ። በማጭድ ከላይ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፤ እንደገና ይመጣል። መሃሉ ላይ ያለውን የማደጊያ ልብ በቢላ ጫፍ ፈልፍሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ባለቤቴ «እንዴት ያለ ጨካኝ ነህ!» ትላለች። ዘለላው ሲመጣ ግን ቀድማ የምትቆጥረው እሷ ናት።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ የቅጠል ነው። ሙዝ ከ30 በላይ ቅጠል አውጥቶ ነው የሚያብበው። አበባው ከወጣ በኋላ ደግሞ አዲስ ቅጠል የለም። ዘለላውን የሚሞላው በዚያን ጊዜ ያለው ቅጠል ነው፤ ቢያንስ ስምንት ያህል ጤነኛ ቢኖር ጥሩ ነው። ችግሩ በዓል ሲመጣ ነው። የሰፈሩ ድፎ ጋጋሪ ሁሉ ኮባ ሲያጣ ወደ እኔ በር ይመጣል። ለጎረቤት እንቢ አይባል ነገር! እናም ከማስወግዳቸው ቡቃያዎችና ዘለላው ከወረደለት ግንድ እሰጣለሁ። አበባ የያዘውን ግን ለገናም ለፋሲካም አላስነካም።

የመጨረሻው ፍሬ ከተፈታ በኋላ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለውን ወይን ጠጅ እምቡጥ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ባላ እንጨት ድጋፍ ነው። እዚህ ሙቀት ላይ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይደርሳል። የፍሬው ማዕዘን ጠፍቶ ክብ ሲል በአረንጓዴው ይቆረጣል። ዛፉ ላይ እስኪቢጫ ከጠበቃችሁ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ወፍም ይቀድማችኋል። እኛ ከአንድ ሁለት የበሰለ ማንጎ ጋር ጆንያ ውስጥ እንከተዋለን፤ ከማንጎው የሚወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ያፈራው ግንድ ዳግም ስለማያፈራ ቆራርጬ እዚያው ሥሩ ላይ አነጥፈዋለሁ።

ቀጥሎ ረጅሙን ዝርያ አጥር ጥግ ልሞክር ነው። አጣዬና ካራቆሬ ያላችሁ፣ ረጅሙን የተከላችሁ ካላችሁ፣ ነፋሱን በምን እንደመከታችሁት ንገሩኝ። ባላው ብቻ የሚችለው አልመሰለኝም።