ንዴት፣ ጨጓራ እና ዘረመል

ዛሬ ጨጓራዬ ሲያቃጥለኝ ስለዋለ፣ የጥንቱ የቻይና ሕክምና ስሜትንና ጨጓራን እንዴት እንደሚያያይዝ ሳነብ ቆየሁ። እ.ኤ.አ. ከ1180 እስከ 1251 የኖረው ሐኪም ሊ ዶንግዩዋን፣ ብዙ ሕመሞች ከጣፊያና ከጨጓራ መዳከም እንደሚመነጩ ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ ለዚህም ከአመጋገብ መዛባትና ከድካም ጎን ለጎን የስሜት መናወጥን በምክንያትነት ያነሣል። በዚህ ሕክምና እምነት፣ ብዙ ማሰላሰል ጣፊያን ያደክማል፤ ንዴት ደግሞ ‹‹ቺ›› የሚሉትን የጉበት ኃይል አውኮ ጨጓራን ያስጠቃል። (ጣፊያ ሲሉ መላውን የምግብ መፈጨት ሥራ ጭምር ማለታቸው ነው።)

ይበልጥ ያስገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት ነው። አይቢኤስ የተባለው፣ ሆድ የሚያስቆርጥና ሰገራ የሚያዛባ የአንጀት ሕመም ያለባቸውን ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ የመረመረው ይህ ጥናት፣ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 6 የዘረመል ሥፍራዎችን ያገኘ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጭንቀትና ከድባቴም ጋር ይዛመዳሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን የተረዱት ጭንቀት አንጀትን እንደሚያሳምም ማስረጃ አድርገው ሳይሆን፣ ሁለቱ የጋራ መነሻ እንዳላቸው አመልካች አድርገው ነው፤ በዘር የሚወረሰው ድርሻም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ግኝቱን የ‹‹ቺ›› ማረጋገጫ አድርጎ ማቅረብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማስረጃው በላይ መናገር ይሆናል። የእኔ ማቃጠል ደግሞ ከንዴት ይልቅ ከኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ሊመጣ ስለሚችል፣ ነገ ጠዋት ለምርመራ እሄዳለሁ።