ጣሪያ ለማየት ባርሴሎና ድረስ

አምና ኦፕራሲዮን ሆኜ አሥራ አንድ ቀን በጀርባዬ ተኛሁ። የት ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። ሐኪሞቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ሲስተሮቹንም እግዜር ይስጣቸው። ጣሪያው ግን ገደለኝ። ልክ ከፊቴ በላይ ውሃ ሰርጎ የደረቀበት ቡናማ እድፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ካርታ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን አፉን የከፈተ ውሻ ሆነ። በስምንተኛው ቀን ውሻውን ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ መዋል ጀመርኩ። ዓይን ሲጨፈን ደግሞ ጆሮ ይብስበታል። የጋሪ ጎማ፣ የብረት ሳህን፣ የሰው ስልክ፣ የሰው ሲቃ። ጆሮ ክዳን የለውም።

ሲሻለኝ ስለ ሆስፒታል ጣሪያ ማንበብ ያዝኩ። ሰው ከበሽታ ድኖ እንዲህ ያለ ሱስ ይዞ ይወጣል። እያነበብኩ ሳለ ባርሴሎና ውስጥ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ጣሪያው ጭምር በባለቀለም ሴራሚክ የተለበጠ የድሮ ሆስፒታል እንዳለ ደረስኩበት። ሳንት ፓው ይባላል። ገንዘብ አጠራቅሜ ሄድኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ሰው ባርሴሎና የሚሄደው ኳስ ለማየት ነው፤ አንተ ሆስፒታል?»

ስለ በረራው የምለው የለኝም። ስለ ሆቴሉ ግን አለኝ።

ርካሽ ነው ብዬ የያዝኩት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስይዘው «ፀጥ ያለ፣ ወደ ውስጥ የሚያይ» ይል ነበር። ወደ ውስጥ ምን እንደሚያይ መስኮቱን ስከፍት ገባኝ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ሴራሚክ የተለጠፈበት፣ እንደ ጉድጓድ የጠበበ የአየር መግቢያ። የየፎቁ የሽንት ቤትና የማዕድ ቤት መስኮት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይከፈታል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ሹካ ጣለ። እኔ አልጋ ሥር የወደቀ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ሽንት ቤት ተለቀቀ። ከዚያ ባልና ሚስት ተጣሉ፤ ቋንቋውን ባላውቅም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰውዬ መሳል ጀመረ። ደረቅ ሳል። ይስላል፣ ያርፋል፤ ልክ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ይስላል።

ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ልጅ ክፍል ቀይርልኝ አልኩት። ሌላው ክፍል በቀን 22 ዩሮ ይጨምራል አለኝ። እኔ ፊት ለፊት መከራከር አልወድም። ከተለያየን በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ በልቤ እከራከራለሁ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

በልቤ እየተከራከርኩ በእግሬ ሄድኩ። ከሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ በሰያፍ ሽቅብ የሚወጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በነደፈው አርክቴክት በጋውዲ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። ጫፉ ላይ ሆስፒታሉ ቆሟል። መሐል መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ቡናና አንድ ውሃ አዘዝኩ። 7 ዩሮ ከ50። ውሃውን በዋጋው ልክ ቀስ እያልኩ ጠጣሁት።

የሳንት ፓው ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። በ1401 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ስድስት ትናንሽ ሆስፒታሎች ተዋህደው የከተማዋ ትልቅ ሆስፒታል ተቋቋመ። ጋውዲ ራሱ በ1926 ትራም ገጭቶት የሞተው በዚያ በአሮጌው ግቢ ነው። አሮጌው ጠቦ ስለነበር ፓው ዢል የሚባል ባለባንክ ሲሞት በተናዘዘው ገንዘብ የአዲሱ ግንባታ ተጀመረ። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1902 ነው። አርክቴክቱ ዩዊስ ዶሜኔክ ኢ ሞንታኔር በ1923 ሥራው ሳያልቅ ሞተ፤ ልጁ ጨረሰው። በ1930 ተመረቀ። ሕሙማኑ አጠገቡ ወደተሠራው አዲስ ሕንፃ የተዛወሩት በ2009 ነው። አሁን የድሮው ግቢ ጎብኚ ይገባበታል።

ዶሜኔክ አንድ ግዙፍ ሕንፃ አልሠራም። በአትክልት መሐል የተነጣጠሉ ብዙ ሕንፃዎች ሠርቶ ከመሬት በታች በዋሻ መንገድ አገናኛቸው። ጭነቱም ሕመምተኛውም በዋሻው ይመላለሳል፤ ላዩ ለፀሐይና ለነፋስ ይቀራል። ግቢውን በሙሉ ደግሞ ከከተማዋ መንገዶች 45 ዲግሪ አዙሮ አስቀመጠው። ካርታ ላይ ስታዩት ሁሉም ሰፈር እንደ ወታደር ተሰልፎ እሱ ብቻ ፀሐይ ሊሞቅ ፊቱን ያዞረ ይመስላል።

ቲኬት ቆረጥኩ። 16 ወይም 17 ዩሮ ነው፤ ደረሰኙ ጠፍቶኛል። በቀጥታ ሳንት ራፋኤል ወደሚባለው ሕንፃ ሄድኩ። የድሮው ዋርድ እንዴት እንደነበረ ለማሳየት አልጋዎች ተደርድረውበታል።

አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ቆምኩ። ጣሪያው ቀስት ሆኖ ያጎነበሰ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፣ አይጮህም። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንሸራተታል። አንዷ ሴራሚክ ከጎኗ ካሉት ትንሽ ወጣ ብላ ተለጥፋለች፤ ብርሃኑ እሷ ጋ ሲደርስ ይሰናከላል። አሥር ደቂቃ ሙሉ እሷን አየሁ። ውሻ አልሆነችም።

ይህ ሁሉ ሴራሚክ ለጌጥ ብቻ አልመጣም። ያኔ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም። ቁስል ካመረቀዘ አለቀ። በውሃና በሳሙና የሚታጠብ፣ አቧራና እርጥበት የማይዝ ግድግዳ የሕክምናው አካል ነበር። ዶሜኔክ የጨመረበት ነገር ቀለሙን ነው። መታጠቡ ካልቀረ ለምን እንደ ሥጋ ቤት ነጭ ብቻ ይሁን?

«ልትተኛበት አስበህ ነው?» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ።

ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። አጠገቧ ከዘራ የያዙ አያቷ ቆመዋል። አያትየው እየሳቁ አንድ ነገር አሉ። ልጅቷ ተረጎመችልኝ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ሲስተር ሆነው ብዙ ዓመት ሌሊት ሠርተዋል።

እኔ ተደሰትኩ። «እንዲህ ባለ ጣሪያ ሥር መሥራት መታደል ነው» አልኳቸው።

እማማ ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀስረው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ሲሠሩበት የነበረው ዋርድ ውስጥ ጣሪያው አይታይም ነበር አሉኝ። ቦታ ሲጠብ ክፍሉ ተከፋፍሏል፤ ከታች ደግሞ ሌላ ዝቅ ያለ ጣሪያ ተደርጎ ሽቦውም ቱቦውም ሴራሚኩም ከሱ በላይ ተሸፍኖ ቀርቷል። ያን ሁሉ ዓመት ከራሳቸው በላይ አበባ እንዳለ ያወቁት ጡረታ ወጥተው፣ ሕንፃው ታድሶ፣ እንደ እኔው ሊጎበኙ ሲመጡ ነው።

«አልተናደዱም?» አልኩ።

መልስ አልሰጡኝም። ቦርሳቸውን ከፍተው የቤት ቁልፋቸውን አወጡና ወለሉ ላይ ጣሉት።

ጫጫታው ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ዘወር አለ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ጎንበስ ብላ አነሳችው። አያትየው ግን ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ተናገሩ፤ ልጅቷ እየሳቀች ተረጎመችው። «ዓይን ለዚህ ጣሪያ ይጸልያል፤ ጆሮ ለዚያኛው ዝቅ ላለው ነው የሚጸልየው። ሌሊት አንድ ሰው ከሳለ ሁሉም ነው የሚነቃው።»

የሆቴሌን ሳል አሰብኩ። ያን አልነገርኳቸውም። ቡና ልጋብዛችሁ ብላቸው አያትየው እምቢ አሉ፤ ይልቁንም ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። ሲስተር ጡረታ አትወጣም መሰለኝ።

ነገሩ እውነት ነው። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ከሚደርሰው ድምፅ ከመቶ ሁለት እጁን እንኳ አይውጥም፤ የቀረውን ይመልሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ሌሊት ዋርድ ውስጥ ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል። 30 ዴሲቤል ማለት ሹክሹክታ ነው። እኔ በተኛሁበት ቦታ ጋሪው ብቻውን ይህን በስንት እጥፍ ያልፈዋል።

ደግነቱ ሸክላም ድምፅ መዋጥ ይችላል። ያስቻለው ደግሞ ባርሴሎና ውስጥ የተማረ ሰው ልጅ ነው። ራፋኤል ጉዋስታቪኖ ሥስ ጡብ እየደራረቡ ቀስት ጣሪያ የመሥራትን የካታላን ጥበብ ይዞ በ1881 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በስሙ የተጠራው ልጁ ደግሞ የድምፅ ሊቅ ከነበረው ከዋላስ ሳቢን ጋር ሆኖ በ1914 ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ድምፅ የሚውጥ ሴራሚክ አወጣ። ምስጢሩ ቀዳዳ ነው። ጭቃው ሲተኮስ ውስጡ እርስ በርስ የተያያዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲቀሩለት ተደረገ፤ ድምፁ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይደክማል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቀዳዳ ያለው ነገር እንደሚያብረቀርቀው አይታጠብም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ለቁስል አልሆነም።

በማግስቱ ፓላው ዴ ላ ሙዚካ ሄድኩ። የዚሁ የዶሜኔክ ሥራ ነው፤ ከ1905 እስከ 1908 ለመዘምራን ማኅበር የተሠራ አዳራሽ። ሆስፒታሉን ለማየት ባልመጣ ኖሮ እብደት ነው የምለው ነበር። ዓምዶቹ በሞዛይክ ተሸፍነዋል። ከጣሪያው መሐል በቀለም መስታወት የተሠራ ትልቅ ጠብታ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። መድረኩ ላይ ከወገባቸው በላይ ቅርጽ፣ ከወገባቸው በታች የግድግዳ ሞዛይክ የሆኑ 18 ሴቶች ቆመዋል፤ አብዛኞቹ የሙዚቃ መሣሪያ ይዘዋል። ያው ሴራሚክ፣ ያው ሰውዬ። እዚህ ግን ድምፅ እንዲመለስ ነው የሚፈለገው። አዳራሹ ሲሞላ ደግሞ የሰው ልብስና ገላ የተረፈውን ይውጠዋል። በዋርድ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሕዝብ የለም፤ ሌሊት ላይ ነቅቶ የሚሰማ እንጂ።

ፓርክ ጉዌልም ሄጄ ነበር። ሰው በዛ፣ ፀሐይ በዛ፣ ተመለስኩ።

ሳግራዳ ፋሚሊያ ግን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ገባሁ፤ ሳይታሰብ ጥሩ ሰዓት ሆነ። በምሥራቅ በኩል ያሉት መስታወቶች ሰማያዊና አረንጓዴ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ቀይና ብርቱካናማ ናቸው። እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌ ብርቱካናማ ሆነ። ሰማያዊ ያረጋጋል፣ ቀይ ያነቃል የሚባለውን ነገር እኔ ብዙም አልቀበለውም። አንዱን ቀለም ግድግዳ ቀብቶ ሰው ዳነ ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ አላየሁም። ምክንያቱ የታወቀ ቀለም ካለ የኦፕራሲዮን ክፍል አረንጓዴ ነው። ደም ላይ ሲያፈጥ የቆየ ዓይን ወደ ነጭ ሲዞር አረንጓዴ ጥላ ያይበታል፤ ግድግዳውና ጨርቁ አረንጓዴ ከሆነ ያ ጥላ አይታይም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ቀዶ ሐኪም በ1914 ያን አስቦ ክፍሉን አረንጓዴ አደረገው።

ጠንካራው ማስረጃ ያለው መስኮቱ ላይ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ በ1984 ሐሞት ከረጢታቸው የወጣ 46 ሰዎችን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት አንድ ቀን ግድም ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እኔን የገረመኝ የጡቡ ነገር ነው። ሳንት ፓውም እኮ ጡብ ነው። ጡቡ ላይ ግን ቀለም አለ፣ ፊቱ ደግሞ ዛፍ አለ።

የሚቀጥለው ጉዞዬ ፊንላንድ ነው፤ ገንዘብ ከተገኘ። አልቫር አልቶ የሚባል አርክቴክት ፓይሚዮ የምትባል ከተማ ላይ በ1933 ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሠርቶ ያስረከበው ቤት አለ። በጀርባቸው የሚተኙትን አስቦ ጣሪያውን ጥቁር አረንጓዴ ቀባ። የእጅ መታጠቢያውን ደግሞ ውሃው በሰያፍ እንዲያርፍበት አድርጎ ቀረጸው፤ አንዱ ሲታጠብ አብሮት የተኛው እንዳይነቃ። የመታጠቢያ ሸክላ እንኳ ዝም እንዲል የተማረው እዚያ ነው። እማማን ይዤ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቁልፋቸውን የት እንደሚጥሉ ለማየት።

የመጨረሻው ሌሊት ከመድኃኒት ቤት የጆሮ መድፈኛ ገዛሁ። 3 ዩሮ ከምናምን። በ22ቱ ዩሮ ላይ ያለኝ ቂም ግን አልቀረም። መብራት አጥፍቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ጣሪያው ነጭ ነው፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለ፣ ምንም አትመስልም። 7 ሰዓት አለፈ። ከአየር መግቢያው በኩል የሚሰማ ነገር የለም። መድፈኛው እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ነቀልኩት። ሽንት ቤት ተለቀቀ። አንድ ሰው ሳህን አስቀመጠ። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ግን አልሳለም። ሳሉ ለቆት ይሁን ክፍሉን ለቆ ሳላውቅ፣ ይስላል ብዬ ስጠብቅ እስከ 9 ሰዓት ቆየሁ።