ብርዱን ያማንበት ጠዋት

መኪናዬ አልነሳም ያለችኝ ደብረ ብርሃን ነው። ታኅሣሥ 2006፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጎኔ ተቀምጠዋል። አጎቴ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠርተን አብረን እየሄድን ነው። በአንድ ቀን እንገባ ነበር። ግን ሸኖ ላይ ቅቤ ካልገዛሁ ብለው አራት ቦታ እያሸተቱ ሲያማርጡ መሸብንና ደብረ ብርሃን አደርን።

የፊት መስታወቱ ላይ ውርጭ ጋግሯል። በመታወቂያዬ ጠርዝ ፋቅሁት። ቁልፉን አዞርኩ።

ቀጭ።

አንዴ ብቻ። ደግሜ አዞርኩ። ቀጭ። የዳሽቦርዱ መብራቶች በርተዋል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ የለም።

ዛሬ ሳስበው መኪናዋ በሽታዋን የተናገረችው ያኔውኑ ነው። ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ቢል ባትሪም፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖም ደህና ናቸው፤ የሚታየው ቤንዚን ወይም ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ነው። «ቀጭቀጭቀጭቀጭ» ብላ ብትንጣጣ ባትሪዋ ደክሟል ማለት ነው። አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ብላ ጸጥ ካለች ግን፣ ወይ ሞተሪኖው ነው፣ ወይ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቀርቷል። ይህን ያኔ አላውቅም። የማውቀው ኮፈን ከፍቶ አንገት እየነቀነቁ ማየት ነው።

ኮፈን ሲከፈት ደግሞ ሰው ይሰበሰባል። የሆቴሉ ዘበኛ «ብርዱ ነው» አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ካንዴላ ይመስለኛል» አለ። ጋሼ ከውስጥ ሆነው «ቤንዚን አለው ወይ?» አሉ፤ ማታ አብረን ነው የሞላነው። ዞሮ ዞሮ ሁሉም ብርዱ ላይ ተስማሙ። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይዛ፣ ብርዱን ማን ይጠራጠራል? እውነትም ብርድ ባትሪን ያዳክማል። የሞተር ዘይቱንም ያወፍርና ሞተሩን ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ክሱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

አራት ልጆች ገፉልኝ። ኮሮላዬ አሮጌ ናት፣ ማርሿም በእጅ ነው፤ ሁለተኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሳች። «አየህ! ባትሪ ነው» አለ ዘበኛው። ሞተሩን ሳላጠፋ ወደ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን በጣቱ ቆር ቆር አደረገውና «ሞቷል» አለ። በጣቱ! እኔም አመንኩት። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ታነባለች። አሮጌውን ተቀብሎ ትንሽ ቀነሰልኝ። ያ ባትሪ ገና ስምንት ወሩ ነበር። የገዛነውን ቀን ባለቤቴ በቀይ የጥፍር ቀለም ጽፋበታለች፤ እሷ እንዲህ ዓይነት ነገር አትረሳም።

ልጁ ካቦዎቹን እየጎተተና እያወዛወዘ አዲሱን አሰረው። ቁልፉን ሳዞር በአንዴ ተነሳች። ጋሼ «ተመስገን» አሉ፣ እኔም ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ጣርማ በር ድረስ መንገዱ ደስ ይላል። የገብስ ክምር፣ በድንጋይ የተካቡ የገበሬ ቤቶች፣ በግ፣ አሁንም በግ። ዋሻው ጋ ስንደርስ ከቆላው በኩል ጉም እየወጣ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ነው፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም «ሙሶሎኒ» ይለዋል። ከ3000 ሜትር በላይ ነን። ጋሼ ሽንት ቤት ብለው ወረዱ። ልጆች የበግ ጠጉር ባርኔጣ ይዘው ከበቡኝ። ጭላዳ ለማየት እኔም ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ጭላዳዎቹን አየሁ። ባርኔጣም ገዛሁ። ተመልሼ ቁልፉን አዞርኩ።

ቀጭ።

የሁለት ሰዓት ዕድሜ ያለው ባትሪ! ጋሼ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ከመናገራቸው ይብሳል።

ከኋላችን አንድ አይሱዙ ቆሞ ሹፌሩ ጎማውን በብረት እየመታ ይፈትሻል። ወፈር ያለ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ሰው ነው። ወደኛ መጣ።

«ምን ሆነች ወንድሜ?»

«ብርዱ ነው መሰለኝ» አልኩ፣ አፌ ለምዶበት።

«ብርዱን ተወው። እስቲ የፊት መብራቱን አብራ።»

አበራሁ። ጉሙ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ተሳለ።

«አባባ፣ እርስዎ ፊት ለፊት ይቁሙና መብራቱን ይዩልኝ። አንተ ቁልፉን አዙር።»

ቀጭ።

«ፈዘዘ?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ እንዲያው ዓይኔን ነው ያጠፋው» አሉ ጋሼ።

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ባትሪው ቢደክም ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ይሞት ነበር አለኝ። ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ጉልበቱ ግን ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። «ብንገፋትስ?» አልኩት። «ትነሳለች። ደብረ ሲና ስታጠፋት ደግሞ ሌላ ገፊ ትፈልጋለህ» አለና ጎንበስ አለ። ከቤንዚን መርገጫው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ በሁለት ጣቱ ያዘ። «ያዝ አድርገህ አዙር፤ ቶሎ አትልቀቅ።»

አዞርኩ። እጁን መንጭቆ አነሳና ሳቀ። «ና ንካው።»

ነካሁት። በዚያ ውርጭ፣ ሁሉም ብረት ጣት በሚቆርጥበት ጠዋት፣ ያ ሽቦ እንደ ሻይ ብርጭቆ ያቃጥላል።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው ሄዶ እዚያ አይቀርም፤ በሞተሩ አካል አድርጎ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለስበት ወፍራም ካቦ አለ፣ ማሳ የሚሉት። ማሳው ከላላ ኤሌክትሪኩ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። የኔው በቤንዚን ሽቦው በኩል ሊያልፍ ይጋፋ ነበር። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ይሞቃል እንጂ አያሳልፈውም። መብራቱና ሬዲዮው የማይቸገሩት የነሱ ማሳ ሌላ ቦታ፣ ቦዲው ላይ ስለታሰረ ነው።

ረዳቱ ከአይሱዙው ወፍራም ካቦ አመጣ፣ ሹፌሮች ባትሪ የሚበዳደሩበትን። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ካለ ባዶ ብረት ላይ ነከሰው። «አሁን።»

ገና ከመንካቴ ተነሳች።

የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው ላይ የታሰረውን የማሳውን ብሎን ረዳቱ በእጁ አሽከረከረው። በእጁ! ብሎኑ ዙሪያ አመድ የመሰለ ዝገት ይዟል። «በቅርብ ካምቢዮ ወርዶ ነበር?» አለ ሹፌሩ። ከወር በፊት ፍሪሲዮን አስቀይሬ ነበር። ለዚያ ካምቢዮውን ያወረደው መካኒክ መልሶ ሲገጥመው ያቺን አንዲት ብሎን ማጥበቅ ረስቷል። ደብረ ብርሃን የተነሳችልኝም ባትሪው አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ ልጁ ካቦውን ሲያወዛውዘው ለጊዜው ስለተነካካ ነው። ረዳቱ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ብረቱ እስኪያበራ። ከዚያ በ12 ቁጥር ቁልፍ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

እዚያው ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ አንድ ነገር አሳቀኝ። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማሳ። ጣሊያን ትቶት የሄደው ዋሻውን ብቻ አይደለም፤ ጋራዦቻችን ዛሬም በሱ ቋንቋ ነው የሚያክሙት።

ሹፌሩ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ጋሼ ከሸኖው ቅቤ ቆርሰው ሊሰጡት ሲሉ ግን እምቢ አላለም። ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛን። እዚያ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ አስነሳኋት፤ ቆሎ ሻጯ ልጅ እስክትታዘበኝ። ሰርጉም ጥሩ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ደብረ ብርሃን ያ ሱቅ ጋ አቆምኩ። መጣላት አስቤ አልነበረም፤ ወይም አስቤ ነበር። ሻጩ የለም፣ ሌላ ወጣት ነው የቆመው። ባትሪዬ በሩ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ተወልውላ ተቀምጣለች። ቀዩ የጥፍር ቀለም እንኳ አልተነካም።

«ይቺ ስንት ናት?» አልኩት።

«እሷን ውሰዳት፣ አሪፍ ናት» አለኝ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንም አልሆነችም። ባለቤቷ ሳይገባው ነው የቀየራት።»