ድንኳኑ በማን ስም ነው? በሐዋሳ በጎ ፈቃደኛ የሶፍትዌር ሠሪዎችን የሚደግፍ ማኅበር ስመራ የተማርኩት

በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ለአማርኛ የፊደል ማረሚያ የምናዘጋጅ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዷ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት፣ አንዱ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው ሲሆን፣ የቀረነው በየመሥሪያ ቤቱ ተቀጥረን የምንውል ነበርን። የሚከፍለን ሰው አልነበረም፤ የሠራነውንም ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና መልሶ እንዲያከፋፍለው ፈቅደን እንለቀው ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ ሶፍትዌሩ ሳይሆን፣ ያንን ሥራ ለመደገፍ ብለን በኋላ ስላቋቋምነው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። በሰብሳቢነት በቆየሁባቸው አምስት ዓመታት ያበላሸሁት ካቃናሁት ስለማያንስ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

አስቀድሜ ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ ማኅበሩ ምን ሊደግፍ እንደተቋቋመ አይገባም። በጽሕፈት ፕሮግራሙ በሊብሬ ኦፊስም ሆነ በድረ ገጽ መክፈቻው በፋየርፎክስ ውስጥ ፊደል የሚያርመው ሐንስፔል የተባለው ፕሮግራም ሁለት ፋይሎች ይፈልጋል፤ አንዱ የቃላት ዝርዝር ሲሆን ሌላው ቃላቱ እንዴት እንደሚረቡ የሚናገር ደንብ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ከቃሉ መጨረሻ ላይ ፊደል መቀጠል ይበቃል። በእኛ ፊደል ግን «ቤት» የሚለው ቃል «ቤቱ» ሲሆን የተቀጠለ ፊደል የለም፤ ራሱ «ት» ነው «ቱ» የሆነው። ስለዚህ ደንቡ «ት»ን አንሥተህ «ቱ»ን ተካ ማለት አለበት፤ ለ«በግ» እና «በጉ» ሌላ መስመር፣ ለ«ልብ» እና «ልቡ» ሌላ መስመር እየተባለ፣ ለእያንዳንዱ ሳድስ ፊደል የራሱ መስመር ይጻፍለታል። «ከተማ» ደግሞ «ከተማው» ስለሚል ከዚህ ሁሉ ይለያል። እንደ «አልመጣም» ያለው ግስ ከፊትም ከኋላም ስለሚያዝ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር። መምህርታችን የተማሪዎቿን ደብተር አርማ ከጨረሰች በኋላ ማታ ማታ እየተቀመጠች እነዚህን መስመሮች ለሦስት ወራት ያህል ጽፋለች። እንዲህ ያለውን ሥራ በገንዘብም ቢሆን በዚያ ትዕግሥት የሚሠራ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ማኅበር የማቋቋም ሐሳብ የመጣው ከዕቅድ ሳይሆን ከጉዳት ነው። የዶሜይን ስማችንን፣ ማለትም የድረ ገጻችንን አድራሻ፣ ከመካከላችን አንዱ ልጅ ውጭ አገር ባለ ዘመዱ የባንክ ካርድ፣ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ገዝቶልን ነበር። ልጁ ለትምህርት ከአገር ሲወጣ የቀድሞ ኢሜይሉን መከታተል ተወ፤ የእድሳት ማስታወሻዎቹም ማንም ወደማያያቸው ሳጥን ሲገቡ ከረሙ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት አድራሻችንን ስከፍት የማላውቀው ማስታወቂያ ገጠመኝ። ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን በቅጣት ክፍያ የሚመለስበት የተወሰነ ቀነ ገደብ አለው፤ እኛ ስንነቃ ግን እርሱም አልፎ ነበር። አድራሻውን በየትምህርት ቤቱ ተናግረን ሳንጨርስ ሌላ ስም ልንፈልግ ተገደድን። ልጁን የወቀስነው በከንቱ ነበር፤ ሸክሙን ብቻውን የተሸከመው እኛ ስላልያዝነው ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በሰፈራችን የእድር ስብሰባ ማብቂያ ላይ፣ የእድሩን ጸሐፊ ስለ ጉዳዩ አጫወትኳቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ዶሜይን ምን እንደሆነ እንደ ምንም ካስረዳኋቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ ታዲያ ድንኳኑ በማን ስም ነው የተገዛው?» አሉኝ። እንደገና ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝና በእጃቸው ወደ ዕቃ ቤቱ እያመለከቱ፣ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም በእድሩ መዝገብ ላይ ተራ ቁጥር እንዳለው፣ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ እንዳለውና ቁልፎቹ በሦስት ሰዎች እጅ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። ሊቀ መንበር ቢሞት ድንኳኑ አብሮ አይቀበርም። ደግሞም እድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል እንጂ ለቀስተኛው እንዴት እንደሚያለቅስ አይነግረውም። ይህ ሁለተኛው ነገር በደንብ የገባኝ ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈታው ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ዴቢያን የተባለው፣ ነፃ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና የሚያዘጋጅ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ዮርክ የተመዘገበ «ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት» የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተለት። ድርጅቱ የልገሳ ገንዘብ ይቀበላል፣ ንብረትና የንግድ ምልክት በስሙ ይይዛል፤ በዴቢያን ውስጥ ምን ይግባ ምን ይውጣ የሚወስኑት ግን መሪያቸውን በየዓመቱ የሚመርጡት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሊብሬ ኦፊስ ታሪክ ደግሞ የእኛን ጉዳት በትልቁ ያሳያል። ኦፕን ኦፊስ የተባለው ቀዳሚው ፕሮግራም ስሙ የኩባንያ ንብረት ነበርና ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2010 ሰን ማይክሮሲስተምስን ሲገዛ ስሙም አብሮ ሄደ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በጎ ፈቃደኞቹ «ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን»ን መመሥረታቸውን ሲያስታውቁ፣ ኮዱ ክፍት ስለነበረ ይዘውት መውጣት ቻሉ፤ ስሙን ግን መውሰድ ስላልቻሉ ሊብሬ ኦፊስ ብለው በአዲስ ስም ጀመሩ። ፈቃዱ ኮዱን ነፃ ቢያወጣም ስሙንና አድራሻውን አያወጣም።

አባሎቻችን ሐዋሳ ብቻ ሳይሆኑ አዳማና አዲስ አበባም ስለነበሩ የተመዘገብነው በፌዴራል ደረጃ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ነው። አዋጁ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ወይም አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። በቦርድ የሚመራው በጥቂት ሰዎች ስለሚቋቋም ቀላል መስሎን ልንመርጠው ተቃርበን ነበር፤ ነገር ግን በዚያ አደረጃጀት የበላይ አካሉ ቦርዱ ሲሆን በማኅበር ግን ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ሰብሳቢውን ማውረድ የማይችሉበት ቤት ለእኛ አይሆንም ብለን ማኅበርን መረጥን። ካደረግናቸው ትክክለኛ ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ሊያወርዱኝ የተቃረቡበት ቀን የነበረ ቢሆንም።

የመተዳደሪያ ደንቡን ስንጽፍ ያስተዋልነው አንድ ነገር ከአምስቱ የቦርድ አባላት ሦስቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች መሆናቸው ነበር። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም አለቃቸው አንድ ነው። ግኖም የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚደግፈው የግኖም ፋውንዴሽን ደንብ ከአንድ ኩባንያ የመጡ ሰዎች ከቦርዱ መቀመጫ ከ40 በመቶ በላይ እንዳይዙ እንደሚከለክል አንብበን ስለነበር ያንኑ ወሰድን፤ ከአምስት መቀመጫ ላይ ሁለት ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ያለምንም ቅሬታ ለሌላ ሰው ለቀቀ። በተጨማሪ፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የፈጠረው ሥራ ሌላ ውል ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ስለሚሆን፣ ተቀጥረው የሚሠሩ አባሎቻችን አሠሪያቸው በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩት ላይ ጥያቄ እንደማያነሣ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ እንዲያመጡ ጠየቅን። ደብዳቤውን ለማግኘት ከአንድ ወር በላይ የተንከራተቱ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን ይህን ቀድሜ ነበር የምጠይቀው፤ ሰው ሥራውን ከሰጠ በኋላ ወረቀት አምጣ ማለት ያስቀይማል።

ትልቁ ስሕተቴ በገንዘብ መጣ። የመጀመሪያውን ድጋፍ እንዳገኘን አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ለማፍራት የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጀን፤ እንደ አገሩ ልማድም አበል ከፈልን። አዳራሹ ሞላ፤ የተመዘገቡት ከ40 በላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የፊርማ ወረቀቱ ከዞረ በኋላ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ፤ ከወር በኋላ አንድ መስመር ደንብ ጽፈው የላኩት ሦስት ናቸው። የባሰው ግን ይህ አይደለም። ለዓመታት በነፃ ይሠሩ ከነበሩት ነባሮቹ አንዱ፣ «ለመቀመጥ የሚከፈል ከሆነ ለመሥራት የማይከፈለው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ አበልን ሙሉ በሙሉ ትተን ሰው ከኪሱ እንዳያወጣ ብቻ መክፈል ጀመርን፤ የባጃጅና የአውቶቡስ ዋጋ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ልጅ ላላት እናት ልጇን የምትይዝላት ሰው ክፍያ። ባጃጅ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ለዚህ ብቻ የሚያገለግል የወጪ ማረጋገጫ ቅጽ ከኦዲተራችን ጋር ተስማምተን አዘጋጀን። ምሳም አሞራ ገደል ሄደን አብረን ዓሣ እንበላለን። በቀጣዩ ሥልጠና የመጡት 11 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ሰባቱ እስከ ዛሬ አሉ።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህችው ከተማ ስም ነበር። «አዋሳ» የሚል አለ፣ «ሀዋሳ» የሚል አለ፣ እኔ እንደምጽፈው «ሐዋሳ» የሚልም አለ። አንድ ደጋፊያችን የስሙ አጻጻፍ አንድ ወጥ ቢሆን ጥሩ ነው ብሎ ሐሳብ ሲሰጠን፣ ቦርዱ ተሰብስቦ ማረሚያው «ሐዋሳ»ን ብቻ እንዲቀበልና በሌሎቹ ሥር ቀይ መስመር እንዲያሰምር ወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። መምህርቷ ለሁለት ሳምንት ከቅዳሜው ስብሰባ ቀረች። ስደውልላት አክብራ ሰላምታ ሰጠችኝና፣ «ቦርዱ ካወቀ ቦርዱ ይጻፈው» አለችኝ። በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ከሰብሳቢነት ልነሣ የተቃረብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ውሳኔውን በሌላ ቃለ ጉባኤ ሻርነው፤ ቦርዱ በሶፍትዌሩ ይዘት ላይ መወሰን እንደማይችል የሚደነግግ አንቀጽም በመተዳደሪያ ደንቡ ተጨመረ። ሠሪዎቹ በራሳቸው መንገድ ሲነጋገሩበት ከረሙና «ሀዋሳ»ም «ሐዋሳ»ም ትክክል ናቸው፣ «አዋሳ»ም በቀደሙ መጻሕፍትና ሰነዶች ላይ ስላለ ስሕተት አይባልም ብለው ጨረሱ። እኔ ብቻዬን ብጠየቅ ይህን አልወስንም ነበር። ሦስቱም በሰላም እየኖሩ ነው።

ስለ ሒሳብ ብዙ አልጽፍም፤ ሆኖም ለጀማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ሰርቨርና ዶሜይን የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ ያ ውጭ አገር የሄደው ልጅ በራሱ ፈቃድ ይከፍልልናል፤ አሁን ግን ደረሰኙ በማኅበሩ ስም ይወጣል፣ እርሱም የስጦታ ደብዳቤ ይልካል፣ እኛም በዓይነት የተገኘ ገቢ ብለን እንመዘግበዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚህም የተነሣ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመር ገቢያችን በመዝገብ ላይ አደገ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ ሒሳብ ሠራተኛችን ሰርቨሩን በዓላማ ማስፈጸሚያ ወጪ ሥር መዝግባዋለች፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ አያይዛለች። ኦዲተሩ ሲጠይቅ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የአንድ ለጋሽ ቅጽ ደግሞ የተጠቃሚዎችን ብዛት በጾታና በዕድሜ ይጠይቅ ነበር። ማረሚያውን የሚያወርደው ሰው ማንነቱን አይጠየቅም፤ ልንጠይቅም አንፈልግም። ስለዚህ በዚያ ሣጥን ውስጥ የሠሪዎቹን ብዛት ሞልተን ምክንያቱን ከሥር ጻፍን፤ ለጋሹም ተቀበለን።

ዘንድሮ የሥልጣን ዘመኔ አልቆ ለአዲሷ ሰብሳቢ አስረከብኩ። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የንብረት መዝገቡን ተራ በተራ አነበብኩ፤ ዶሜይኑ በማኅበሩ ስም፣ የሰርቨሩ መለያ በማኅበሩ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሎቹ በታሸጉ ፖስታዎች በሦስት ሰዎች እጅ፣ ማኅተሙ በጸሐፊዋ ዘንድ። የእድሩን ጸሐፊ እንግዳ አድርገን ጋብዘናቸው ስለነበር ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ጨርሼ ልቀመጥ ስል ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «የቴሌግራም ቡድኑስ?» አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራነው፣ የተከራከርነውና የታረቅነው ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ የከፈትኩትም በግል ስልኬ ነበር። እዚያው ቆሜ ባለቤትነቱን ላስተላልፍ ስሞክር፣ መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን እንዳበራና ከዚያም ሰባት ቀን እንድጠብቅ ነገረኝ። እስከ መጪው እሑድ ድረስ ያ አንዱ ድንኳን በእኔ ስም ነው።