የኔን ኩራት የባለቤቴ ትከሻ ከፈለው

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ነው። ሥራዬ የሌሊት ነው። ባለቤቴ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ቤት ታድራለች። በ2024 ጸደይ ላይ ሌባ የጎረቤታችንን በር ሰብሮ ገባ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ በደንብ የተኛ ሰው አልነበረም። «አንድ ጠመንጃ ቤት ውስጥ ይኑር» ያለችው እሷ ናት። የምትጠቀምበትም እሷ ናት፤ እኔ ሌሊት ቤት የለሁማ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። እኔ ሱቅ ስደርስ ረስቻት ነበር።

ወረቀቱ እንደሚወራው አያስፈራም። 4473 የሚባል የፌዴራል ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ታሪካችሁ ይጣራል፣ ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ትጠብቃላችሁ። እኔ መንጃ ፈቃዴ ላይ የድሮ አድራሻዬ ስለነበረ አንድ ቀን ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው አይችልም። ለእሱ ብላችሁ በስማችሁ ብትገዙለት የፌዴራል ወንጀል ነው። ይሉኝታ እዚህ ጋ አይሠራም።

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ።

ሻጩን «ለባለቤቴ ነው፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ55 ነው፣ በሕይወቷ ተኩሳ አታውቅም» አልኩት። ይህን ሁሉ ሰምቶ አጭርና ቀላል ባለ12 ጌጅ ፓምፕ አወጣልኝ፤ ጌጅ የቀዳዳው መለኪያ ነው፣ ፓምፕ ደግሞ ከየተኩሱ በኋላ በእጅ ስበው መልሰው የሚያጎርሱት ሾትገን ነው። «ቀላል ስለሆነ ለሴት ይመቻል» አለኝ። ክብደቱ ወደ 2.7 ኪሎ ነው። አነሳሁት፤ እውነትም ቀላል ነው። አጠገቡ ባለ20 ጌጅ ተሰቅሏል። «ይሄስ?» ስለው «እሱ የልጆች ነው» አለኝ።

እዚያ ላይ አለቀልኝ። ያደግኩት ጎጃም ነው። አያቴ ምንሽራቸውን ሳይዙ ለቅሶ እንኳ አይሄዱም ነበር። የእሳቸው የልጅ ልጅ የልጆች ጠመንጃ ይዞ ሊገባ? ካርዴን አወጣሁ። ባለቤቴን ይዣት አልሄድኩም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ አላየችውም። ጫማ ብገዛላት ኖሮ ቁጥሯን እጠይቃት ነበር።

ያኔ ያልገባኝ ነገር እንዲህ ነው። የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ባለ12ቱ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ባለ20ው 15.6። ጠመንጃ ወደ ኋላ የሚመታው ወደ ፊት በሚወረውረው እርሳስ ክብደትና ፍጥነት ልክ ነው። ያንን ምት የሚያበርደው ደግሞ የራሱ የጠመንጃው ክብደት ነው። ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ ሱቅ ውስጥ ሲይዙት ይመቻል፣ ሲተኩሱት ይቀጣል። ሻጩ ይህን አያውቅም ማለት ይከብደኛል።

ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ሄድን። ጥይቱም እዚያው ሱቅ የተመረጠልኝ ባለ ሙሉ ጉልበት በክሾት ነበር፤ በአንድ ጥይት ውስጥ ዘጠኝ ፍሬ እርሳስ፣ በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ። መጀመሪያ እኔ ተኮስኩ። አመመኝ። ግን ዝም አልኩ፤ ወንድ አይደለሁ? ከዚያ ለእሷ ሰጠኋት።

ሰደፉ ረዘመባት። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 35 ሴንቲ ገደማ ነው፤ እንደ እኔ ላለ ሰው የተሠራ ልክ ነው። እጇ ቃታው ጋ እንዲደርስ ስትል ሰደፉ ከትከሻዋ ጉድጓድ ወጥቶ ክንዷ ላይ አረፈ። እኔ ይህን እያየሁ ምንም አላልኩም። የመጀመሪያው ተኩስ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ መለሳት። «አይዞሽ፣ ይለመዳል» አልኳት። ይህቺን ቃል አሁን ሳስታውሳት ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። በሁለተኛው፣ ምቱ ስላስደነገጣት ፓምፑን እስከ መጨረሻው ሳትስበው መለሰችው፤ ጥይቱ መሃል ላይ ተቀረቀረ። አላቅቄ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቃታውን ከመሳቧ በፊት ዓይኗን ስትጨፍን አየኋት። ዒላማው ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። ጠመንጃውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይህን ከምተኩስ ሌባው ይግባ» አለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትንም።

አላበቃም። በማግስቱ እሑድ ቡና ተፈልቷል። ባለቤቴ ሰፊ አንገት ያለው ቀሚስ ለብሳ ስኒ ልታነሳ ጎንበስ ስትል አማቴ ክንዷን አዩት። እንደ በለስ ጠቁሮ ደም ቋጥሯል። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሉና እኔን አዩኝ። ባለቤቴ ወዲያው አልመለሰችም። ሆን ብላ ነው፤ እስከ ዛሬ አምናለሁ። በመጨረሻ «ጠመንጃ ነው እማዬ» ስትላቸው ነገሩ ጭራሽ ባሰ። የዚያን ቀን አማቴ ሦስተኛውን ቡና ሳይጠጡ ተነሡ።

ያዳነን ሌላ መለማመጃ ያገኘናቸው አንድ ሸምገል ያሉ አሠልጣኝ ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ክንዷን በዘጠና ዲግሪ አሳጠፏትና የሰደፉን ጫፍ ክንዷ መታጠፊያ ላይ አስደገፉት። ጣቷ ቃታው ጋ አልደረሰም። «ይህ የአንቺ አይደለም» አሏት። በቃ። ይህን ሱቅ ውስጥ ማድረግ ምን ያቅት ነበር?

በመጨረሻ የገዛነው ያገለገለ ሬሚንግተን 1100 ነው፤ ባለ20 ጌጅ፣ ሰደፉ አጭር፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ገደማ። ሞዴሉ በ1963 ገበያ የወጣ አሮጌ ነገር ነው። በጋዝ ነው የሚሠራው። ከተኩሱ ጋዝ ጥቂቱን ጠልፎ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ምቱም በአንዴ አይመጣም፣ ተበትኖ ነው የሚመጣው፤ ጥፊው ግፊያ ይሆናል። የምንጠቀመው ባለ ቁጥር 3 በክሾት ነው፤ ትንንሽ 20 ፍሬዎች አሉት። ክፍል ውስጥ ለሚሆን ነገር «አይበቃም» የሚል ሰው ካለ ፊቱ ይቁምና ይንገረኝ።

ግን «20 ጌጅ ሁሉ ለስላሳ ነው» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በጣም ቀላል የሆነ ባለ20 ፓምፕ ከከባድ ባለ12 እኩል ሊመታ ይችላል። ባለ12 ቤታችሁ ካለና መቀየር ካልቻላችሁ፣ ምቱ የተቀነሰ በክሾት አለ፤ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ነው፣ ልዩነቱን ትከሻችሁ ያውቀዋል። እንደ እኛው ራሱ የሚያጎርስ ሴሚ አውቶማቲክ ላይ ግን መጀመሪያ ሞክሩት። አንዳንዱ በደካማ ጥይት ቀጣዩን አያጎርስም።

ባለ12ቱን «ለአንተ ይሁን» ብላኝ ነበር። ሸጥኩት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት ባለ12 ውስጥ ከገባ ተንሸራትቶ ቱቦው ውስጥ ይቀረቀራል። ከኋላው የ12 ጥይት ከተተኮሰ ጠመንጃው እጅ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጥይት ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ጨለማ ውስጥ ቀለም አይለይም። ሽያጩም ሌላ ጣጣ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ ለግለሰብ ስትሸጡም የገዢው ታሪክ በነጋዴ በኩል መጣራት አለበት። ምን ያህል እንደከሰርኩ አልናገርም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ስለ አቀማመጥ የሚሰጡት ብሮሹር ጠመንጃውን አንድ ቦታ፣ ጥይቱን ሌላ ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ ይላል። አልተስማማሁም። ሌሊት እየተንቀጠቀጠች ሁለት ቁልፍ የምትፈልግ ሴት አትታየኝም። እኛ ጋ ሁለቱም አንድ ካዝና ውስጥ ናቸው። ካዝናው ግድግዳው ላይ በብሎን ታስሯል፣ ኮዱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፣ ጠመንጃው ጥይት አልጎረሰም። መቆለፉ ላይ ግን ቀልድ የለም። ኮሎራዶ ውስጥ ከ2021 ወዲህ ልጅ የሚደርስበት ቦታ ሳይቆለፍ ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል። ሕግ ባይኖርም የስድስት ዓመት ልጅ አለን።

ደግሞ የቤታችን ግድግዳ ጂፕሰም ነው። በክሾት እንደ ወረቀት ያልፈዋል፤ ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ የልጆቹ ክፍል ነው። ስለዚህ ማንም ሌባ ፍለጋ ሳሎን አይወጣም። ሁሉም ልጆቹ ክፍል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ 911 ይደወላል፣ እሷ ወደ በሩ ዞራ ትጠብቃለች። የውጭውን በር ማጠፊያና መቆለፊያ ደግሞ በሰባት ሴንቲ ተኩል ብሎን ቀየርኩት። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ በፊት መደረግ የነበረበት እሱ ነበር።

በአዲሱ ጠመንጃ የመጀመሪያ ቀን ሃያ አምስት ጥይት ተኮሰች። ሲያልቅ «ሌላ ፓኮ የለም?» አለች። ስንመለስ ሬዲዮ ከፈትን።

የክንዷ ፎቶ ግን እስካሁን ስልኳ ውስጥ አለ። ባለፈው ወር ማቀዝቀዣ ልንገዛ ሄደን፣ እኔ «ተይው፣ እኔ እመርጣለሁ» ስል ምንም ሳትናገር ስልኳን አወጣችና ሻጩ ፊት ዘረጋችልኝ።